ቤቱን ላድን ብዬ ሰፈሬን አጣሁ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«እንደምን ነዎት እትዬ? የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ ከአራዳ ነው። የተወለድኩበት ግቢ ውስጥ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ፎቅ ቤት አለ። አንድ አርመናዊ ወርቅ ሠሪ አሠራው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። አሁን 9 አባወራ ተከፋፍለን እንኖርበታለን። በቅርቡ ወረዳው ሰብስቦን ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት እንደሚነሳ ነገረን። እኔ እጄን አውጥቼ «ይህ ቤት ቅርስ ነው፣ መፍረስ የለበትም» አልኩ። ከጎረቤቶቼ አንድም ሰው አልደገፈኝም። በሳምንቱ ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ የቤቱን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ጎረቤቶቹ ታሪካቸውን በኮንዶሚኒየም ሸጡ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ሰላም የሚለኝ የለም። በልጅነቴ ያሳደጉኝ የፊት ለፊት እማማ «ፀረ ልማት» አሉኝ። የእድራችን ዳኛ «ቤቱ አይፍረስ» በሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አሉ። የ26 ዓመት ወንድሜ «አንቺ በረንዳውን ትወጂዋለሽ፣ እኔ ግን ቆጥ ላይ ነው የምተኛው» ካለኝ በኋላ አንነጋገርም። እናቴ መሃል ሆና ታለቅሳለች። ልተወው ወይስ ልግፋበት? የበረንዳዋ ልጅ ነኝ።»

የበረንዳዋ ልጅ፣ እንደምን አለሽ?

መጀመሪያ መልሱን ልንገርሽ። አትተዪው። ግን እስካሁን በሄድሽበት መንገድ አትግፊበት። ከወረዳው ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ከወንድምሽ ጋር ታረቂ። ይህን የምልሽ ለእናትሽ እንባ ብዬ ብቻ አይደለም። ወንድምሽና ጎረቤቶችሽ ካልፈለጉት ያ ቤት የሚድንበት መንገድ አይታየኝም።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የወንድምሽ ቃል ነው። ቆጥ ላይ የተኛ ሰው ያውቀዋል። ቀና ብለሽ መቀመጥ አትችይም። ክረምት ሲሆን ቆርቆሮው ጆሮሽ ላይ ነው የሚጮኸው። የ26 ዓመት ጎልማሳ ላግባ ቢል ሚስቱን የት ያስገባታል? ደግሞም 9 አባወራ ባለበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ስንት መጸዳጃ ቤት እንዳለ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። እማማ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ያንን የእንጨት ደረጃ ይዘው ሲወርዱ አስቢያቸው። አንቺ ስብሰባው ላይ «መፍረስ የለበትም» ስትዪ እነሱ የሰሙት «እንዲሁ ኑሩ» የሚል ቃል ነው። እንደዚያ ማለትሽ እንዳልነበር አምንሻለሁ። ግን ስለ ቧንቧው፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አንድ ቃል ተናግረሽ ነበር? ለእኔ በጻፍሽው ደብዳቤም ውስጥ የለም። በረንዳው አለ፣ አርመናዊው አለ፣ የሰዎቹ ኑሮ ግን «9 አባወራ» በሚለው ብቻ አልፏል።

ከባድ ነገር ተናግሬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ነገሩን በራሴ ስላየሁት ነው።

እኔ ያደግኩት ልደታ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ እናቴ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ብነግርሽ! የራሷ መጸዳጃ ቤት፣ የራሷ ቁልፍ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ያለ ቧንቧ። ውሃውን ከፍታ ቆማ ታየው ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላት ደግሞ ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው አጣች። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና «ቡና ጠጡ» ብትል ማን ይሰማታል? ሰዉ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ፣ አንዱ አቃቂ ሲበተን እድራችን ፈረሰ። ድንኳኑና ድስቱ ማን ቤት እንደቀረ እስካሁን ያነታርካል። እናቴ ያን ውሃ ስታይ የተደሰተችው ከልቧ ነበር፣ ጀበናዋን ይዛ ብቻዋን ስታለቅስም ከልቧ ነበር። ስለዚህ ሰው «መነሳት ጥሩ ነው መጥፎ?» ሲለኝ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። የአንቺ ጎረቤቶችም ውስጥ ሁለቱም ስሜት አለ። አንቺ ቅርሱን ብቻ ስታነሺ ሳታውቂው ሌላውን ስሜታቸውን እንዲይዙ ገፋሻቸው።

አሁን ጠቡ ከየት እንደመጣ ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ከጸባይ የመጣ አይመስለኝም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ እንደ እናንተ ያለ ቤት በየክፍሉ ተሸንሽኖ ለተከራይ ተሰጠ። ኪራዩ የሳሙና መግዣ አይሆንም። ግን የማንም ስላልሆነ የሚያድሰውም አልተገኘም። ተከራዩ ምስማር ቢመታ እንኳ የራሱ አይደለም፣ ቀበሌው ደግሞ በዚያ ኪራይ ጣሪያ አይቀይርም። ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዲህ አለፈ። እና አሁን ሰፈር ሲነሳ ሁሉም የሚያገኘው አንድ አይደለም። የግል ይዞታ ያለው ምትክ ቦታና ካሳ ይጠብቃል። የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ ነው ምርጫው፣ ቅድመ ክፍያውን ከየት እንደሚያመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው። ደባሉስ? ከሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተጠግቶ 15 ዓመት የኖረው፣ ስሙ የቀበሌው መዝገብ ላይ የሌለው ሰው? እሱ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። እናንተ ግቢ ውስጥ ደባል ካለ ስለ እሱ ማንም አልተናገረም ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉት እማማ «ፀረ ልማት» ሲሉሽ ቃሉን ከስብሰባ ነው የወሰዱት፣ ከጀርባው ያለው ግን ፍርሃት ነው። «ይህች ልጅ ስትከራከር ስማችን ከዝርዝር ቢወጣስ? ሌላው ሰፈር ቤት ሲደርሰው እኛ ብንቀርስ?» ይህ ፍርሃት ቀልድ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ ሲነሳ አይተዋል፣ ከዚያ ደግሞ ካዛንቺስ። ነገሩ ከተጀመረ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያውቃሉ። የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ወደሚባለው መንደር ሲገባ ያዘነ ወይም የተደሰተ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ አንቺ ስለያዝሽው ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም የያዝሽው ነገር ትልቅ ነው፣ «ለአሮጌ እንጨት» ብለው ቢያንኳስሱት አትቀበዪ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተዘረጋችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ቤታቸውን ሠሩ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ባለሙያው ዙሪያቸውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በኋላም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ስም ተጣሞ ካዛንቺስ ሆነ። አራዳ ላይ ደግሞ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሱቅ ከፍቶ ከጉራጌውና ከዶርዜው ጋር በአንድ መንገድ ሲነግድ ኖረ። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር፣ በአንድ እድር፣ በአንድ ለቅሶ። ብዙ ከተማ ውስጥ ሀብታሙ ለብቻው ነው፣ ድሃውም ለብቻው። እኛ ጋ አልነበረም። ቅርስ ስል እኔ የሚታየኝ ይህ አብሮ መኖር ነው። በረንዳው የዚያ ምስክር ነው። እና ልብ በዪ፣ በረንዳውን አትርፈሽ ሰዎቹን በሙሉ ብትበትኚ፣ ወይም ቤቱ ታድሶ አንድ ሲኒ ቡና እማማ የማይችሉት ዋጋ የሚሸጥበት ካፌ ቢሆን፣ የተረፈው ቅርፊቱ ነው። ለዚህም ነው ሁለቱ ጥያቄዎች መለያየት የለባቸውም የምለው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

ዛሬውኑ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪለት። ጽሑፉን ያውርደው። ሰበብ አያስፈልግም፣ «ጎረቤቶቼን ሰድበሃል፣ አውርደው» በዪው። ይቅርታም ይጻፍ፣ ስድቡን ባነበቡበት ቦታ ይቅርታውንም ያንብቡት። ከዚያ በኋላ ግን አታባርሪው፣ ይጠቅምሻል። ውጭ ያሉ የሰፈራችሁ ልጆች ቤት የድሮ አልበም አለ። ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት የሠርግ፣ የክርስትና፣ የጥምቀት ፎቶ። በዚያ ፎቶ ጀርባ የእናንተ ግቢ በር፣ በረንዳው፣ ያልተከፋፈለው ሳሎን ሊኖር ይችላል። የአክስትሽ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ ያንን ይሰብስብ። ከስድቡ የበለጠ ይህ ለቤቱ ይሟገታል።

ቀጥሎ ወንድምሽ። ወደ እሱ ስትሄጂ በረንዳ የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። «ልክ ነህ፣ ያንተን ኑሮ ረስቼው ነበር» በዪው። ያን ብቻ። ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው፣ ጠይቀሽም ሳታቋርጪ ስሚው። እኔ ምን ይልሻል መሰለሽ? «ኮንዶሚኒየም እፈልጋለሁ» ሊል ይችላል። ወይም «በር የሚዘጋ ክፍል እፈልጋለሁ፣ የትም ይሁን» ሊል ይችላል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። እያንዳንዱ ጎረቤትሽ ከእነዚህ የቱን እንደሚፈልግ አታውቂም፣ ምክንያቱም ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ከእማማ ጋር በቡና ታረቂ። ቤታቸው ሂጂ እንጂ አትጥሪያቸው። የእድሩን ዳኛ ደግሞ ፊርማ አትጠይቂያቸው፣ ምክር ጠይቂያቸው። «እድራችን ብንነሳም እንዳይፈርስ ምን እናድርግ?» ብለሽ ጀምሪ። ይህ የእሳቸውም ጭንቀት ነው፣ የእድር ዳኛ ሌሊት የሚያስበው ይህንን ነው። የአባላቱ ስም፣ ስልክ፣ የገንዘቡና የዕቃው ዝርዝር በጽሑፍ ይቀመጥ። በየወሩ የት እንደምትገናኙ ከአሁኑ ተስማሙ። የእኛ እድር እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እናቴ የጓደኞቿን ለቅሶ በወሬ አትሰማም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ቶሎ ከተባለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማመልከቻ ጻፉ። የአንቺ አይሁን፣ የግቢው ይሁን። ውስጡ ያለው ነገር ሁለት ነው፣ እና ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይቀመጡ። አንደኛው የሰዎቹ ጉዳይ ነው፤ መነሳት ለሚፈልግ ቤቱ ተገቢ በሆነ ጊዜና ቦታ ይሰጠው፣ የሚቻል ከሆነ ጎረቤታሞች አንድ አካባቢ ይመደቡ፣ ደባሎቹ ይቆጠሩ፣ አቅም ለሌላቸው ምትክ የቀበሌ ቤት ይኑር። ሁለተኛው የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ሳይፈርስ በፊት በባለሙያ ይጠና። እንዲህ ሲሆን ወንድምሽ ቤቱን ለማዳን ሲፈርም የራሱን ዕጣ የሚያጣ አይመስለውም። ቤት ይድን ዘንድ ሰው ቆጥ ላይ ይቆይ የሚል ጥያቄ ከማመልከቻው ውስጥ መጥፋት አለበት።

ስለ ቤቱ ስትጽፉ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። «አርመናዊ ወርቅ ሠሪ» የሚለውን ሳታጣሩ እንደ ሐቅ አታስገቡት። አራዳ ውስጥ የሕንድም የግሪክም ሥራ ሆኖ «የአርመን ቤት» የሚባል አለ፣ በአንዲት ስህተት ጠቅላላ ማመልከቻችሁ ተረት ይባላል። የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ከእናንተ ሩቅ አይደለም፣ ሄደሽ ጠይቂ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በፊትም በኋላም የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፣ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሊገኝ ይችላል። ባይገኝም ቤቱ የቆመበት አሠራር ራሱ ይናገራል፤ ታችኛው ክፍል ድንጋይ ነው ጭቃ? ደረጃው ከውጭ ነው ከውስጥ? የክዳኑ ጠርዝ የተፈለፈለ እንጨት አለው? ይህንን ጻፉ።

ቅርስን የሚመለከተው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ የሚመለከተውን የከተማውን ቢሮ «ይህ ቤት በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተመዘገበ ክርክራችሁ እግር አለው፣ ካልተመዘገበ እንዲጠና ጠይቁ፤ አለመመዝገቡ ቤቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስለ መነሳቱና ስለ ካሳው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፣ በኋላ ስለተሻሻለ ከማሻሻያው ጋር አንብቡት፣ ቢቻል የሕግ ባለሙያ አጠገባችሁ ይቀመጥ። አቤቱታ የማቅረቢያ ቀን ገደብ አለው። ወረቀቱን ለሰው በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ይደረግበት። እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት «ደርሶናል» ብሎኝ ወረቀቴ እንዳልገባ ከስድስት ወር በኋላ የሰማሁ ሰው ነኝ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ነው።

«አሮጌ ቤት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። መልስ ይኑራችሁ። ጣይቱ ሆቴል ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሆቴል ነው፣ በ2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበትም ሥራውን ቀጥሏል። የራስ ብሩ መኖሪያ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ሐረር ጁገልን ውሰጂ፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግንቡ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖርባቸው ቤቶችም ናቸው የተቆጠሩት። የእናንተ ቤት ታድሶ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት፣ የእድር አዳራሽ ወይም ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። አንድ ሐሳብ መርጣችሁ ሂዱ፣ «አይፍረስ» ብቻ ይዞ የገባ ሰው ቶሎ ይሸኛል።

እና ቤቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢፈርስስ? ሊፈርስ ይችላል። ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ አልዋሽሽም። ስለዚህ አንድ ሥራ አለ፣ ማንም ፈቃድ የማይሰጥበት ማንም የማይከለክለው፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ የምትጀምሪው።

ባለፈው ዓመት ከእህቴ ጋር ስለ ልደታው ግቢያችን ስናወራ ከመንገዱ ወደ ግቢው የሚያስገባው የድንጋይ ደረጃ ስንት እንደነበር መስማማት አቃተን። እሷ 9 ትላለች፣ እኔ 11። በዚያ ደረጃ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ ወጥተን ወርደናል። የሠርግ ፎቶ አለን፣ ግን ሰው ሞልቶበት ደረጃው አይታይም። እናታችን ታውቅ ነበር፣ ሳንጠይቃት አለፈች። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እናትሽ አሉ። እማማ አሉ። ስልክሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በዪ። የማን ክፍል የቱ ነበር፣ ጉድጓዱ የት ነበር፣ በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሲገባ የት ተደበቃችሁ፣ ማን የት ተወለደ፣ ሁሉንም ጠይቀሽ ቅጂ። የሜትር ክር ግዢና በረንዳውን፣ በሮቹን፣ መስኮቶቹን ለኩ፣ እያንዳንዱን ፎቶ አንሱ። ቆጡንም አትርሺ፣ እሱም የዚያ ቤት ታሪክ ነው፣ ቁመቱም ይለካ። ይህን ብቻሽን አታድርጊው። የሜትሩን አንድ ጫፍ ወንድምሽ ይያዝልሽ፣ ሌላውን አንቺ።

መጀመሪያ ደረጃውን ቁጠሩ። ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።